ግንብ የሌለው ጎንደር

እኛ ሰፈር «ባቡር» ማለት ወፍጮ ነበር፤
ስንዴ ጎርሶ፣ ዱቄት ተፍቶ፣ ቸቸላ ላይ የሚያድር።

ጋሽ ፈንቴ ግን፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ድሬዳዋ ሐዲድ ሲቀይር የኖረ፣
ሰው ሲሄድ ሰው ሲመለስ፣ ፋኖስ እያወዛወዘ የቀረ፣
ጡረታውን በሳጥን ጭኖ አገሩ ጎንደር ሲመለስ፣
«ጓዳው ውስጥ ባቡር ሊዘረጋ ነው» የሚል ወሬ ሲደርስ፣
ወይዘሮ ጥሩአየሁ ጠየቁት፦ «ጤፍም ሽሮም ይፈጫል?»
እሱም አልሳቀባቸውም። «ጊዜ ይስጡኝ፤ ይቻላል።»

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ፣ እርሳስ በካውያ የማቀልጥ፤
«ሁለት ሽቦ ቀጥልልኝ» ቢለኝ፣ ለአንድ ከሰዓት ልቀመጥ፣
ሰባት ክረምት አመለጠኝ፣ እኔው ሳላመልጥ።

«እዚህ አገር» ይለኝ ነበር፣ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ጭኖ፣
«አንዱ ክንድ ሰማንያ ሰባት ነው፤ ሰውም የባቄላ ፍሬ ሆኖ።
ስታስነጥስ ዞር በል፤ አውሎ ነፋስ ነህ ለነሱ።»

ከአዘዞ ሜዳ ጀመርን።
ጋዜጣ በስታርች ነክረን፣ የወንፊት ሽቦ ላይ ስንለጥፍ፣
ተራራ ሆነ የአምናው ዜና፣ ሹመት ሽረቱም ሳይተርፍ።
ጄሶ አለበስነው። ቀሃን በሙጫ ሳብ በሳብ አፈሰስነው፤
ሳይደርቅ ዝንብ ገባበት። «ተወው» አለኝ፣ «ዓሣ ነው።»
የአናጢ ሰጋቱራ ቀብተን ሣር፣ የፍራሽ ስፖንጅ ቦጭቀን ጥድ፤
ሺህ ክብሪት አንገቱን ቆርጠን አጋደምን ለሐዲድ።
ትርንጎ ልብስ ሰፊዋ ከገበር ቁራጭ ሰፋች
የጥፍር ቁመት ጆንያ፤
ሰባት ሰባት ፍሬ ሰሊጥ ቆጥራ በየአንዱ ሞላች።

ፋብሪካ ላይ ግን ጨካኝ ነበር።
የቢራውን ጋን ከወተት ጣሳ ሠርቼ፣ አብለጭልጬ ባሳየው፣
«ይኼማ ውሸት ነው» አለኝ፤ ኮምጣጤ አርከፍክፎ አዛገው።
«የሚሠራ ነገር ይቆሽሻል። በር ላይ ዘይት ይንጠባጠብ፤
የዘበኛው ወንበር ያንክስ፤ ቧንቧው ይፍሰስ ጠብ ጠብ፤
አንዱ አርፍዶ ይሩጥ፣ ቁርሱን በአፉ እንደያዘ፤
የጥጥ መዳመጫው ብናኝ ግራሩ ላይ ይደር እንደተያዘ፤
የፉርጎውም ቀለም ፀሐይ የመጠጠው ይሁን፣ የፈዘዘ።»
ደግሞ ያለ ሰነድ ፉርጎ አይነቃነቅም ነበር፦
«ከመተማ፣ ሰሊጥ፣ ስምንት ጆንያ»፣
በቡሽ የቀረጸው ማኅተም ሳያርፍበት በፊት የሚያልፍ አንድም አልነበር።

እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ግንቡስ?»
ጠረጴዛውን ይዞራሉ፣ ከቀሃ ማዶ አዘዞ ድረስ።
«ፋሲል ግንብ የሌለበት ጎንደር፣ ምን ጎንደር ነው ጃል?»
ጋሽ ፈንቴ መጋረጃውን ገልጦ በመስኮት ያሳያል።
«ይኸው አለ፤ የትም አልሄደ። የቆመውን ምን ልሥራው?
የሚሄድ ነው ያጣነው።»

በሰባተኛው ክረምት ከጣቢያው ጀርባ አንድ ቤት ተከለ፤
ከሞተ የጠረጴዛ ሰዓት ልቡን አውጥቶ፣ ቱክ ቱክ ሲያሰኘው ዋለ።
ወይዘሮ ጥሩአየሁን አስጠራ። መነጽራቸውን ጠርገው፣
ጎንበስ ብለው አዩ፤ ደጃፉ ላይ ቁና ይዘው
ወረፋ የቆሙ ሦስት ሴቶች። አንዷ የሳቸውን ሻርፕ ለብሳለች።
ምንም አላሉም።
«ይፈጫል» አለ እሱ። «ጤፍም፣ ሽሮም።»

ያን ዕለት ማታ፣ ስምንት ፉርጎ እየጎተተ ቀሃ ድልድይ ላይ ሲደርስ፣
መብራት ሄደ።
በጨለማው እጄን ሰደድኩ፣ ገፍቼ ጣቢያ ላደርስ።
መዳፌን ያዘኝ። «ተው፤ ባቡር በእጅ አይነዳም።
መንገደኛ አለበት። ስንት ዘመን ጠብቀን፣ አንድ ሌሊት አይጎዳም።»

ክብሪት ፈለግን፤
ሁሉም አንገቱ ተቆርጦ ሐዲድ ሥር ተጋድሟል።
ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሳቁ። በመስኮቱ ግንቡ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤
ከጠረጴዛው ጥግ፣ መብራት የማይጠብቀው የሰዓት ልብ
ቱክ ቱክ ይላል፤
የማንን እህል እንጃ፣
ይፈጫል።